ሳልቀምስ የመሰከርሁለት አይብ

ከእናንተ መካከል ይሉኝታ ጎድቶት የማያውቅ ሰው ቢኖር ንባቡን እዚህ ላይ ያቁም፤ ጤናውን ያብዛለት፣ ለእርሱ የሚሆን ነገር የለኝም። የቀራችሁት ግን ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ ነገር ድምፅን ከፍ አድርገው የሚናገሩት አይደለምና። በዕድሜ የገፋ፣ ዜማ የዘለቀ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ በሰንበት ቆሞ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ፣ በሩቅ ደሴት ላይ ሣራቸውን በሚግጡ፣ ክፉም ደግም ባልሠሩበት ላሞች ላይ እንዴት አድርጎ በደል እንደ ፈጸመ ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ላሞቹ የጃማይካ ናቸው።

በዚያን ጊዜ፣ ከአገር በወጣን በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ከባለቤቴ ጋር ለንደን ውስጥ፣ ዊልስደን ላይ፣ ካውንስሉ (የሰፈሩ አስተዳደር) በሰጠን ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ እንኖር ነበር። ከእኛ በታች ሚስተር ዴዝመንድ የሚባሉ ጃማይካዊ ጎረቤት ነበሩን። በወጣትነታቸው መጥተው፣ ፓርክ ሮያል ከሚገኝ የምግብ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ ያንን ጭነት የሚያነሣ መኪና፣ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ዐርፋለች፤ ልባቸው ግን በደሴታቸው ነበረ። እዚያ ታናሽ ወንድማቸው ከአባታቸው የወረሰውን የወተት ላም ያረባል። ቀድሞ በየማለዳው የጭነት መኪና በየበረቱ እየዞረ ወተት ይሰበስብ ነበር አሉ። ኋላ ርካሽ የዱቄት ወተት ከባሕር ማዶ በከረጢት እየመጣ ወደቡን ሞላው፤ ፋብሪካውም ዱቄት በውኃ በጥብጦ መሸጥ ቀለለው፤ መኪናው መምጣት ተወ። ላም ግን መኪና ቀረ ብላ ወተቷን አታቋርጥም። ወንድምየው ጠዋት ጠዋት ያልባል፤ ከቤቱ የተረፈውን ለዓሣማ ያፈስሳል።

«በአገሬ ዓሣማው ወተት ይጠጣል፣ ሕፃኑ ዱቄት» ይሉ ነበር ሚስተር ዴዝመንድ።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰቡ። ወተት አይጠብቅም፤ አይብ ግን ይጠብቃል። እኛ ፎርማጆ እንደምንለው ደረቅ ሆኖ፣ የደሴቲቱን ሙቀት የሚችል ጥሩ አይብ ቢያወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የሚሰበሰቡት የደሴቲቱ ልጆች ተባብረው በመንደራቸው አንዲት የአይብ መሥሪያ ቤት ሊያቆሙላቸው ቃል ገብተዋል፤ ቀምሰው ከወደዱት ነው ታዲያ። ወንድምየውም በስልክ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ «እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ ላሞቹን ለሥጋ ሻጩ እሰጣለሁ።»

እኔ በዚህ መካከል ከየት ገባሁ? በደረጃው ላይ ገባሁ።

አንድ ቀን የገበያ ከረጢቴን ይዤ ስወጣ ሚስተር ዴዝመንድ አገኙኝና፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በሚጠሩበት ስም፣ «ኤልደር፣ በአገርዎ ላም ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። «አዎ፣ አይቻለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከረጢቴን መሬት አስቀመጥሁ። ከረጢቱን መሬት ያስቀመጠ ሽማግሌ እውነት ብቻ ተናግሮ መልሶ አያነሣውም።

«ላም?» አልሁ። «ሚስተር ዴዝመንድ፣ በአባቴ ቤት ወተት እንደ ውኃ ነበር! እርጎው በየቅሉ፣ ቅቤው በየእንስራው፣ አይቡ በየገበታው! የላሟን ድምፅ ብቻ ሰምቼ ወተቷ ምን ያህል እንደሆነ እናገር ነበር።»

እውነቱን ታውቁ ዘንድ፣ አባቴ የነበረችው አንዲት ላም ናት፤ እርሷም ተራጋጭ ነበረች። እኔ ቁመቴ ከጀርባዋ ሳይደርስ ለትምህርት ወጥቼ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወተት ያየሁት በሰው ድግስ ነው። ስለ ላም የማውቀው ቅኔ ውስጥ የገባችውን ያህል ብቻ ነው። ቅኔ ውስጥ የገባች ላም ደግሞ አትታለብም። ሚስተር ዴዝመንድ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ።

የዐቢይ ጾም በተያዘበት ሰኞ በራችን ተንኳኳ። ሚስተር ዴዝመንድ ባዶ የአይስክሬም ዕቃ በነጭ አይብ ሞልተው፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ቆመዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት፣ ወተት አከፋፋዩ እዚህ ቤት ስንት መንታ ተወለደ እስኪል ድረስ ጠርሙስ ሲያስወርዱ ሰንብተው፣ በሎሚ አርግተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ብሎኬት ጭነውበት ነው የደረሰላቸው።

«የመጀመሪያው ነው። ከእርስዎ በቀር የሚፈርድልኝ የለም» አሉኝ።

ጾም ላይ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ከማጀት ብቅ ብላ ዕቃውን አየች፤ ከዚያም እኔን አየች።

«አንቱ፣ ጾም ነው ማለት ምን ይከብድዎታል?»

«ጾምን በአደባባይ ማወጅ ግብዝነት ነው፤ በስውር የሚጾሙት ነው» አልኋት፤ የአስተማሪነት ድምፄን አውጥቼ።

«ነገ እንዴት ነበር ቢሉዎትስ?»

«ጥሩ ነው እላለኋ።»

«እሱስ ምን ይባላል?»

ጥቂት አሰብሁና «ትሕትና» አልሁ። ባለቤቴ ሽሮዋን ልታማስል ተመለሰች። የእርሷ ዝምታ ከብዙ ሰው ስብከት እንደሚበልጥ በዚያ ቤት ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

በማግሥቱ ደረጃው ላይ ተያዝሁ። «ድንቅ ነው!» አልሁ። «ጧት የወጣ ጮራ፣ የገነት ጠል!» ቅኔ የተማረ ሰው ሲዋሽ ክፋቱ ይህ ነው፤ ሌላው ሰው በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እርሱ ያስጌጠዋል። ሚስተር ዴዝመንድ ግን ጌጥ የሚበቃቸው ሰው አልነበሩም። «ምን ጎደለው?» አሉኝ።

ምንም አልጎደለውም የሚል ዳኛ ማን ያምነዋል? አንድ ነገር ሊጎድለው ግድ ነበረ። ጨው የማይገባበት ምግብ የለም ብዬ፣ «ጥቂት ጨው ቢጨመርበት» አልሁ።

«ጨው!» አሉ በደስታ፤ ወደ ቤታቸውም ሮጡ።

ነገሩ በዚህ ተጀመረ። በየሳምንቱ አንድ የአይስክሬም ዕቃ ይመጣል፤ በየሳምንቱም ምን ጎደለው ይባላል፤ እኔም ሌላ ስም ስላጣሁ ጨው እላለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ጨው ማለት ሲያሳፍረኝ ጤና አዳም አልሁ፤ በአገሬ አይብ በጤና አዳም ይሸታልና ይህ እንኳ እውነት ነበረ። ባለቤቴ በመስኮት ያሳደገቻትን አንዲት ጤና አዳም ሸምጥጬ ሰጠኋቸው፤ እንጨቷ ብቻ ቀረች። የፍሪጃችን ነገር ደግሞ አይነሣ። ለፋሲካ ይቆያል ብዬ የደረደርሁት ዕቃ ምስሩንና ስልጆውን ከቤታቸው አስወጣ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አበው፤ አበው ፍሪጅ አልነበራቸውም። የእኔ ውሸት እያደር ይከብድ፣ ይከመር፣ ክዳኑንም ይገፋ ጀመር።

ዕቃዎቹን ወደ መስኮቱ ደፍ አወጣናቸው። አንድ ማለዳ ወደ ቅዳሴ ስወርድ፣ በለንደን እንደ ድመት በየግቢው የምትዞረዋን ቀበሮ አገኘሁና፣ የእግዚአብሔር ፍጥረት ትጠቀም ብዬ አንዱን ዕቃ ከፍቼ ከፊቷ አኖርሁላት። አሸተተችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያም ወደ ቆሻሻው በርሜል ሄዳ የትናንት የድንች ጥብስ ወረቀት መላስ ጀመረች። ይህ ምስክርነት ነበረ፤ እኔ ግን የአውሬ ምስክርነት በየትኛውም ዳኝነት አይጸናም ብዬ አለፍሁት።

ባለቤቴ ደግሞ ሌላውን ዕቃ ስትሪትሃም ለምትኖር ወዳጇ ለወይዘሮ ዘይነባ ላከችላት፤ እርሷ ሙስሊም ናት፣ የእኛ ጾም አይይዛትም። በሁለተኛው ቀን ስልካችን ጮኸ።

«እኅቴ» አለች ወይዘሮ ዘይነባ በቀሰስተኛ ድምፅ፣ «በምን አስቀየምሁሽ?»

«ምነው?»

«አይ፣ የሆነ ነገር አድርጌሽ ከሆነ ፊት ለፊት ንገሪኝ ብዬ ነው። አሞሌ ልከሽ አይብ ነው ከምትዪኝ።»

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «ሰሙ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ። «ይሂዱና ይንገሯቸው» አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልሁ። እውነትም ልነግራቸው ወረድሁ። ሚስተር ዴዝመንድ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው እስከ ክርናቸው አጓት ነክቶታል፤ ፊታቸው ደግሞ የሠርግ ዕለት ሙሽራ ይመስላል። «ወንድሜ ፎቶግራፍ ላከልኝ!» ብለው አሳዩኝ። ላሞች ናቸው። «ይህች ፐርል ናት፤ አባቴ ሲሞት በረት ውስጥ ስታምጥ ነበረች። ይህች የእርሷ ልጅ ናት።» ፐርል ከፎቶግራፉ ውስጥ እንደዚያች ቀበሮ አየችኝ። እንዴት ልናገር? አፌን ብከፍት የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

«በእኛ አገር የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል» አልሁ።

ይህም እውነት ነው። ዕቃውን ማጠን ሌላ፣ አይቡን ማጠን ሌላ መሆኑን ግን አልነገርኋቸውም፤ ምክንያቱም እኔም በዚያች ቅጽበት አላስታወስሁትም። ዊልስደን ላይ ደግሞ ወይራ የለም። ሚስተር ዴዝመንድ ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ዕቃ የሚደረደርበትን የእንጨት ርብራብ ለምነው አምጥተው ፈለጡ፤ በትልቅ ድስት ውስጥ አቀጣጠሉ፤ ከላይ በወንፊት አይቡን አኖሩ፤ ጭሱ እንዳይባክንም መስኮቱን ዘጉ።

ከቀትር በኋላ የሕንፃው የጭስ አላርም ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ጎረቤቱ በሙሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ እኔ በጋቢና በነጠላ ጫማ፣ አንዲት ሴት ፀጉሯ በሳሙና እንደ ተሞላ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ረጅም የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ጭንብሉን እንዳደረገ፣ በትልቁ ጓንቱ ላይ አንዲት ቡናማ ድቡልቡል ነገር ይዞ ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

ከኋላው ጥላሸት የለበሱት ሚስተር ዴዝመንድ ወጡ፤ በኩራትም ጣታቸውን በሕዝቡ መካከል ወደ እኔ ዘረጉ። «አይብ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው ያሉኝ ኤልደሩ ናቸው።»

መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በጋቢዬ ተከናነብሁ። ማታ ላይ ዕቃው በራችን ደረሰ፤ «ጭሱ ገብቷል?» የሚል ጥያቄም አብሮ ደረሰ። «ገብቷል» አልሁ። በዚያ ጾም ከአፌ የወጣች ጥርጥር የሌለባት እውነት ይህች ብቻ ናት፤ እኛም ቤት ገብቶ ነበርና።

የእነርሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ዋለ። ሚስተር ዴዝመንድ የአገራቸውን ልጆች የሰበሰቡት በፋሲካቸው ማግሥት ሰኞ ነው፤ ለእኛ የሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ። ምእመናን በስግደት ላይ ሳሉ እኔ «ጎረቤት ቸግሮት ነው» ብዬ ሹልክ አልሁ። ይህንም ጨምሩልኝ።

የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ሞልቷል። ከፊት የተቀመጡት የሚስተር ዴዝመንድ ታላቅ እኅት ሚስ ሜርል ናቸው፤ ነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሐምራዊ ባርኔጣቸው ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ የሚጋርድ፣ ንግግራቸው ደግሞ ምንም የማይጋርድ ሴት። እኔን ከሚስተር ዴዝመንድ ቀኝ አስቀመጡኝ። በየሳህኑ ላይ ቁራሽ ዳቦና የአይብ ቁራጭ ታደለ። ሚስተር ዴዝመንድ ፎቶግራፉን ይዘው ተነሡ።

«ወንድሜ ዛሬ ማታ ስልኬን ይጠብቃል» አሉ። «እኔ ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ፤ በራሴ ምላስ ተማምኜ እናንተን አላስቸግርም ነበር። እንዲያውም እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ለእኔ ምላስ ጨው የበዛበት መስሎኝ ነበር። ግን እኚህ ሰው በወተት ያደጉ ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው እያንዳንዱን ቀምሰው ፈርደውልኛል። ስለዚህ የራሴን ምላስ ትቼ የእርሳቸውን አመንሁ።»

ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ከዚያም ሁሉም ባንድነት ጎረሰ።

ጭብጨባው እንዴት እንደ ቆመ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ሽማግሌ ዐይናቸውን ጨፈኑ። አንዲት ወጣት ወደ መሐረቧ ዞረች። ሚስ ሜርል አኘኩ፣ አቆሙ፣ ውኃ ጠጡ።

«ዴዝመንድ» አሉ፣ «ይህ አይብ ነው ወይስ ባሕሩን አድርቀህ ነው ያመጣኸው?»

ሚስተር ዴዝመንድ ለመሳቅ ሞከሩ። «ኤልደር፣ ያስረዷቸው እንጂ።»

ሚስ ሜርል ግን ሳህኔን አዩት። አይቡ እንደ ታደለ አለ። «እርሳቸው መቼ ጎረሱና? አንቱ ሰው፣ አፍዎ ምነው ሥራ ፈታ?»

በዚያች ሰዓት ሁለት መንገድ ነበረኝ። መጉረስና ጾሜን በሰሙነ ሕማማት ማፍረስ፣ ወይም መናገር። አይቡን አነሣሁት፤ መልሼ አስቀመጥሁት።

«አልቀመስሁም» አልሁ።

«ዛሬ ነው?» አሉኝ ሚስተር ዴዝመንድ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ጾም ላይ ነኝ። ወተት አልነካም።»

«ይህን ለመናገር ምን ነውር አለበት?» አሉ ሚስ ሜርል። «እኛስ መጽሐፍ አናነብም? ጾም ላይ ነኝ ያለ ሰው ማን ይቆጣዋል?»

ሚስተር ዴዝመንድ ግን ጾሙን አልጠየቁኝም። ፎቶግራፉን ዝቅ አደረጉና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ ጨዉ?» አሉ። «ጨው ጨምር ሲሉኝ… ጨዉ ከየት መጣ?»

«ከአፌ» አልሁ።

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡ በተሻለኝ። ሰዎቹ ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ፤ የሚስተር ዴዝመንድን ትከሻ እየነኩ ወጡ፤ ስለ አይብ ቤቱ ያነሣ አልነበረም። እኔም አንድ ነገር ልሥራ ብዬ ወንበር ላነሣ ብል፣ ሚስተር ዴዝመንድ ወንበሩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

«ይተዉት፣ ኤልደር። ቤተ ክርስቲያንዎ ይጠብቅዎታል።»

ተመልሼ ሰገድሁ። ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር ፐርል ታየኝ ነበር። አሰብሁት፦ ምላሴን ከወተት ስጠብቅ ሰንብቼ፣ ያችኑ ምላስ ከሐሰት ሳልጠብቃት ቀረሁ። ሌላውን ሳስተምር ስንት ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርሁት ነገር ነው! በማግሥቱ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ቀበሮዋ ስናገር ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ስለ ላሞቹ ስናገር ግን እጃቸውን አወረዱ።

«ስግደት አልጨምርልዎትም» አሉኝ። «ፋሲካ ሲሆን ሄደው ይቅመሱ።»

በፋሲካ ዕለት፣ ባለቤቴ ዶሮዋን ሳታወጣ፣ ከመስኮቱ ደፍ የመጨረሻውን፣ ያንን ጭስ የገባበትን ዕቃ አንሥቼ ወረድሁ። በሩን የከፈቱልኝ ሚስ ሜርል ናቸው። ሚስተር ዴዝመንድ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ተቀመጥሁ፣ ክዳኑን ከፈትሁ፣ ማንኪያ ለመንሁ፣ በላሁ። ከዚህ በፊት እሳት በላሁ የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ እኔ ባሕርና እሳት ባንድ ማንኪያ በላሁ። እንባዬ በጢሜ ላይ ወረደ። ማንኪያዬን ግን አላቆምሁም፣ ሚስተር ዴዝመንድ እጄን እስኪይዙኝ ድረስ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ሚስተር ዴዝመንድ፣ እጅግ ክፉ ነው።»

ሚስ ሜርል መጀመሪያ ሳቁ፤ ሚስተር ዴዝመንድም ሳይወዱ ተከተሉ። ሳቁ ሲያልቅ ጠረጴዛውን እያዩ፣ «እኩሌቶቹ ሐሙስ ዕለት ሄዱ» አሉ። «ፐርልም ሄደች። የቀሩትን እስከ በጋው መጨረሻ እንዲያቆይልኝ ለመንሁት።»

ይቅርታ አልሁ። በአማርኛም በግዕዝም ብዙ የይቅርታ ቃል አውቃለሁ፤ በእንግሊዝኛ የማውቀው አንድ ነበር፤ እርሱኑ ደጋገምሁት። ሚስተር ዴዝመንድ ተነሥተው ወደ ማጀት ገቡ፤ በትንሽ ሳህን ነጭ አይብ ይዘው ተመለሱ። «ይህን ማንንም ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት» ብለው አኖሩልኝ።

ጎረስሁ። ለስላሳ ነው፤ ጣፋጭ ነው፤ ወተቱ ይናገራል። ግን፣ ወዳጆቼ፣ ፈጣሪ ባሪያውን እንዴት አድርጎ እንደሚቀጣ ያውቃል። ደግሜ ጎረስሁ፣ የተሳሳትሁ እንደሆነ ብዬ። አልተሳሳትሁም።

«ይናገሩ» አሉ ሚስተር ዴዝመንድ።

«መናገሩን እፈራለሁ።»

«ይናገሩ።»

«ጨው አንሶታል» አልሁ።

ሚስ ሜርል እጃቸውን ሰደው ከሳህኑ ቆረሱ፤ አኘኩ፤ ወደ ወንድማቸው ዞረውም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እውነታቸውን ነው እንደማለት። ሚስተር ዴዝመንድ ሄደው የጨው ዕቃውን አመጡ። ላግዛቸው ብዬ እጄን ብዘረጋ ዕቃውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«የለም፣ ኤልደር» አሉኝ። «እኔ እጨምራለሁ። እርስዎ ይቀምሳሉ።»

ቆንጠር አድርገው ነሰነሱበት። ቀመስሁ። ፊቴን ትክ ብለው ያዩኝ ነበርና፣ አኝኬ እስክውጥ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈስሁም።